የሉል ቀለምና የመወልወል ታሪክ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብዙ ዓመት ቈጥቦ የገዛትን ነጭ የሉል ቀለም መኪና ለመስቀል በዓል እንድታበራለት ብሎ ለወልዋዮች ሰጣት። ማታ ሲረከባት በእውነት እንደ መስተዋት ታበራ ነበር። በማግሥቱ በፀሐይ ሲመለከታት ግን በበሩ ጠርዝ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ የሉሉን ጸዳል አጥቶ እንደ ኖራ ደርቆ ታየው። ሐዘኑን ባየሁ ጊዜ ይህ ቀለም ከወዴት እንደ መጣና መወልወሉ ምኑን እንደ ጐዳው ለመመርመር ተነሣሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አውቶሞቢል ሲፈጠር የራሱ ቀለም አልነበረውም፤ ከፈረስ ሠረገላ ተዋሰ እንጂ። የሠረገላ ቀቢዎች የዘይት ቀለምና ቫርኒሽ እየደራረቡ ይቀቡ ነበር። እያንዳንዱ ልባስ እስኪደርቅ ቀናት ይጠበቃል፤ ከደረቀም በኋላ፥ እኛ እግራችንን ከምንፍቅበት ዓይነት ቀላል ድንጋይ በተሠራ ዱቄትና በውሃ ይታሻል። ስለዚህ አንዲት መኪና ተቀብታ እስክትወጣ ሳምንታት ያልፉ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ከ1914 እስከ 1925 በጥቍር ቀለም ብቻ መሸጡ የታወቀ ነው፤ ጥቍሩ ርካሽና ጠንካራ ነበርና።

በ1923 ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለውን መኪና ዱኮ በተባለ የዱፖንት ኩባንያ ሰማያዊ ቀለም አስጊጦ ለገበያ አቀረበ። የዚህ ቀለም መሠረት ናይትሮሴሉሎስ ስለ ሆነ ከጢስ አልባ ባሩድና ከሲኒማ ፊልም ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የሳምንታቱ ሥራ በሰዓታት ይፈጸም ጀመር። ነገር ግን ቀለሙ ሲረጭ ፈዛዛ ስለ ነበር እስኪያበራ መታሸት ነበረበት፤ ፀሐይ ሲመታውም ላዩ እየነጣ ይደክማል። ባለ መኪናው የደከመውን ፍቆ ሲያነሣ ከሥሩ አዲሱ ይወጣለታል፤ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነውና። እንግዲህ «መኪና በታሸ ቍጥር ያምራል» የሚለው እምነት በዚያ ዘመን እውነት ነበር። የባልደረባዬ ጥፋት ሥሩ ከዚህ ይመስለኛል።

የሉል ቀለም ግን ሌላ የዘር ሐረግ አለው፤ የሚነሣውም ከዓሣ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ዣከን የተባለ የፓሪስ መቍጠሪያ ሠሪ ከአንድ ትንሽ የወንዝ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ነገር ለይቶ አወጣ። ይህንም ክፍት በሆኑ የመስተዋት ዶቃዎች ውስጥ ቀብቶ ባዶውን በሰም እየሞላ ሰው ሠራሽ ሉል አደረገው። (ሰምና ሉል የተዋወቁት ከመኪና በፊት መሆኑን ልብ ይሏል።) ያ የሚያብለጨልጨው ነገር ጓኒን የተባለ ረቂቅ ክሪስታል ነው። ከጊዜ በኋላ ይኸው የዓሣ ብር በመኪና ቀለም ውስጥ ገባ፤ ዋጋው ግን ውድ ነበር።

በ1960ዎቹ ኬሚስቶች ዓሣውን ለባሕር ትተው ወደ ድንጋይ ዞሩ። ሚካ የተባለውን እንደ ቅጠል የሚላጥ ማዕድን አድቅቀው በታይታኒየም ኦክሳይድ ስስ ልባስ ሸፈኑት። ብርሃን ሲያርፍበት ከፊሉ ከልባሱ ላይ፥ ከፊሉም ከሥሩ ይመለሳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሉል ጸዳል ይወጣል። መኪናይቱን ዞረን ስናያት ቀለሟ የሚለዋወጠውም ስለዚህ ነው። ከ1980ዎቹ ወዲህ ይህ ዓይነት ቀለም በፋብሪካ መኪናዎች ላይ ተስፋፋ።

እንግዲህ የሉል ቀለም አንድ ቀለም አይደለም። ከታች መሠረቱ ነጭ አለ፤ ከዚያ በላይ ሚካ ያለበት ስስ ልባስ፤ ከሁሉ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንካራ ልባስ። ይህ የላይኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር 20ኛ ክፍል ገደማ ነው፤ ከራስ ጠጕር ውፍረት አይበልጥም። ፖሊሽ ጭረቱን የሚያጠፋው የጭረቱን ዙሪያ እየፋቀ ከጭረቱ ጥልቀት ጋር በማስተካከል ነው። መወልወያው ማሽን በጠርዝ ላይ፥ ቀለሙ በሚሳሳበት ቦታ፥ ጥቂት ቢዘገይ የላይኛውን ልባስ ይጨርስና ሚካውን ጠርጎ ከመሠረቱ ነጭ ይደርሳል። ከሥር የሚወጣ አዲስ ሉል የለም።

ሰም ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ፖሊሽ ይወስዳል፥ ሰም ያኖራል። የታወቀው የመኪና ሰም በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅለው ካርናውባ ከተባለ ዘንባባ ይገኛል። ዛፉ በድርቅ ወራት ውሃው እንዳይተንበት ቅጠሉን በሰም ይሸፍናል። ሰዎች ቅጠሉን ቈርጠው በፀሐይ አድርቀው ሲመቱት ሰሙ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይቀልጥም፤ እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነም ለስላሳ ነገር ይቀላቀልበታል። መኪናይቱ በደንብ ታጥባ፥ በጥላ ሥር ቀዝቅዛ፥ ስስ አድርገው ቢቀቧት ዝናብና አቧራ በቀለሟ ላይ ቶሎ አይጣበቁባትም። ሰሙ በየጊዜው ታጥቦ ያልቃል፤ እንደ ገና ይቀባል፤ ቀለሙ ግን በዚህ ምክንያት አይሳሳም።

ባልደረባዬ ወደ አንድ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄዶ ያችን ቦታ ብቻ እንዲቀባለት ለመነው። ቀቢውም የሉሉ ልባስ ስንት ጊዜ እንደ ተረጨ ካልታወቀ ቀለሙ እንደማይገጥም፥ ስለዚህም በሩ በሙሉ እንደሚቀባና ቀለሙ እየሳሳ ወደ ጎን ክፍሎች መግባት እንዳለበት ነገረው። ዋጋውን በሰማ ጊዜ አመስግኖ ተመለሰ። አሁን መኪናዋን ሲያቆም ያንን በር ወደ ግንቡ በኩል ያደርገዋል።