አንድ ጎጆ፣ ሁለት ሠራተኞች፦ የዋግ ኽምራ ባለትዳሮች በድጋፍ መዝገብ ውስጥ
(የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ)



ከባልና ሚስት አንዱ የግል ሥራ ሲጀምር፣ ቤተሰቡ ከመንግሥት የሚያገኘው ድጋፍ ምን ይሆናል? ጥያቄው የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። መልሱ ግን መንግሥት ባለትዳሮችን እንደ አንድ ወይስ እንደ ሁለት ሰው ይቆጥራቸው ነበር ከሚለው ረጅም ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ከዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ደጋና ከኒሯቅ ቆላ ነው።

በሀገራችን ገጠር ቤተሰብ ለረጅም ዘመን የታወቀው በአባወራው ስም ነበር። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል እንኳ ጭስ ከሚወጣበት ምድጃ ጋር ይያያዛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ደነገገ። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና እርሱን ተከትሎ በወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። በክልሉ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይም የባልና የሚስት ስም በአንድነት መስፈር ጀመረ። በትዳር ጊዜ ከግል ጥረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ሀብት መሆኑም በሕግ ጸንቷል። የጋራ ባለቤትነት ግን የጋራ አዛዥነት ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ኋላ እንመለስበታለን።

በ1977ቱ ረሃብ ከዋግ ተነሥተው ወደ ኮረም የተጓዙት ቤተሰቦች ከመካከላቸው ማን እንደሚነግድ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እርዳታው ነፍስ ለማዳን ነበርና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ መሥራት የሚችል ሁሉ እርዳታን በሥራ እንዲያገኝ መርሕ አደረገ። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ ድጋፉ ለዓመታት የሚዘልቅና አስቀድሞ የሚታወቅ ሆነ። ድጋፍ ከዓመት ወደ ዓመት ሲዘልቅ «መቼ ይቁም?» የሚለው ጥያቄ አብሮት ይመጣል። የግል ሥራም በመዝገቡ ጉዳይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

አሠራሩን በቁጥር እንመልከት። በመጀመሪያው ዘመን ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰብለት ነበር፤ የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ቤት በወር 150 ብር፣ በስድስት ወር 900 ብር ያገኛል ማለት ነው። የልጆቹን ቀናት የሚሠሩት ግን ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ ባል ፍየል ለመነገድ ወደ ገበያ ሲወጣ፣ እርከን የመሥራቱና ድንጋይ የመሸከሙ ድርሻ ወደ ሚስት ያዘነብላል። ሚስት ጠላ ጠምቃ ስትሸጥም እንዲሁ ሸክሙ ወደ ባል ይሄዳል። የግል ሥራ ወጪ ከገቢው በፊት፣ በትዳር ጓደኛ ጉልበት ይከፈላል።

ፕሮግራሙ ይህን ሥራ አልተቃወመም። እንዲያውም አበረታታው፤ ለፍየል፣ ለንብ ቀፎ፣ ለትንንሽ ንግድ ብድር ተመቻቸ። ዓላማው «ምረቃ» ነበር፤ ይኸውም ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ የዓመቱን ምግብ መሸፈንና መለስተኛ ችግርን መቋቋም ሲችል ከመዝገቡ መውጣቱ ነው። ትርጉሙ ስለ መቋቋም ይናገራል፤ መለኪያው ግን በብዛት የቤቱ ጥሪት ነበር። በጥሩ ዝናብ ማግስት በኒሯቅ ቆላ የሚታየው የአበርገሌ ፍየል መንጋ ሀብት ነው። በድርቅ ጊዜ ግን የፍየል ዋጋ ሲወርድ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ያው መንጋ ቤቱን የሚመግበው ለጥቂት ሳምንታት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ዋግ ኽምራን የመታው የኤልኒኞ ድርቅ ይህን በግልጽ አሳይቷል።

ወደ አዛዥነት ጉዳይ እንመለስ። ጥሪቱ የሚቆጠረው በቤት ስለሆነ፣ አንዱ ነግዶ ያፈራው ሁለቱንም ከነልጆቻቸው ከመዝገብ ሊያስወጣ ይችላል። ነጋዴው ትርፉን ለቤት ቢያውለው መልካም። ባያውለው ግን በእጇ ያልገባ ገንዘብ የሌላይቱን እህል ያስቀራል። በሕግ የጋራ የተባለው ሀብት በጓዳ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ችግሩ የድሃ ሀገር ብቻ አይደለም። የብሪታንያው የቤቨሪጅ ሪፖርት በ1942 እ.ኤ.አ. ያገባችን ሴት በዋናነት የባሏ ጥገኛ አድርጎ ቆጠራት። በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው ሀገር የተጀመረው የተዋሐደ ድጎማ ባልና ሚስት በአንድነት እንዲያመለክቱ ያዛል። በግሉ የሚሠራ ሰው በመርሕ ከአንድ ዓመት የመቋቋሚያ ጊዜ በኋላ፣ ትርፉ ቢያንስም ወለል የተበጀለትን ገቢ እንዳገኘ ይታሰብበታል። በዚህም የትዳር ጓደኛው ድጎማ አብሮ ይቀንሳል። ሰቆጣና ለንደን በሀብት ይራራቃሉ፤ ሁለቱም መዝገቦች ግን ቤትን እንደ አንድ ኪስ ያያሉ፣ የግል ሥራንም ከእውነቱ ይልቅ የረጋ አድርገው ይገምታሉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ቤትን መቁጠር ይቅር ማለትን አይደለም፤ ባልና ሚስት አንድ ምድጃ ይጋራሉና። ነገር ግን ምረቃ ሲወሰን ባልም ሚስትም ለየብቻቸው ሊጠየቁ ይገባል። የንግድ አቅም የሚመዘነውም አንድ ክፉ ዓመት ካለፈበት በኋላ ቢሆን ይበጃል። ያለዚያ ትጉሑን ሰው «ብትነግድ ትሰረዛለህ» ብለን እናስተምረዋለን። ከመዝገብ ላለመውጣት ፍየሉን የሚደብቅ ገበሬ ሰነፍ አይደለም፤ የተሰጠውን መለኪያ በሚገባ ያነበበ ሰው ነው።