ከቋሊማ ሽፋን እስከ ጥቁሩ ወረቀት

ኬሚስትሪን የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተሰናብተነው የወጣን የሚመስለን ሐኪሞች ብዙ ነን። የኩላሊት ሕሙማንን የሚከታተል ሰው ግን ከኬሚስትሪ አያመልጥም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደማቸው የሚጣራው ኬሚስቶች በሠሩት ስስ ሽፋን ነው። የሽፋኑ ታሪክ ደግሞ ከእኛ ሙያ ጋር የተጋመደ ነው እኮ።

ታሪኩ ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ሴሉሎስ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሰልም ፓየን በ1838 እ.ኤ.አ. ከተክል ለይቶ አወጣው። በ1943 ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ፣ አገሩ በናዚ ጀርመን ተይዛ ሳለ፣ ከሴሉሎስ የተሠራ የቋሊማ ሽፋን ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የሰው ደም አጣራበት። ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አብዛኞቹ ሞቱ፤ በ1945 ግን አንዲት ሴት ዳነች።

ሁለተኛው ጫፍ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመር ነው። የለንደን ከተማ የጤና ኃላፊ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ሌትቢ በአኒሊን መመረዝ ጉዳይ ይመራመር ነበር። በ1862 በአኒሊን ሰልፌት ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍ ሰማያዊ ነገር ብረቱ ላይ ተለጠፈ፤ ዛሬ ፖሊአኒሊን የምንለው ነው። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ግን ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር በ1977 ፖሊአሴቲሊንን በአዮዲን አስተላላፊ ካደረጉት በኋላ ነው። በ2000 ኖቤል ተሸለሙበት።

ሁለቱን ጫፎች ካገናኙት አንዱ የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክላዶፎራ ከሚባል አልጌ የወጣ ሴሉሎስ ከፓይሮል ጋር ይዋሃዳል፤ ፌሪክ ክሎራይድ ሲጨመርበት ፓይሮሉ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቃጫዎቹን ያለብሳቸዋል፤ ነጩ ጥቁር ይሆናል። ፖሊፓይሮል ብቻውን ተሰባሪ ነው፤ ጥንካሬና ሰፊ ገጽ የሚሰጠው ሴሉሎሱ ነው። በ2009 ከዚሁ ጥቁር ወረቀት ባትሪ ሠሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ባትሪው አይደለም። ፖሊፓይሮሉ ኤሌክትሮን ሲወሰድበት ኔጋቲቭ አዮኖችን ይስባል፣ ሲመለስለት ይለቃቸዋል። ተራው የእጥበት ሽፋን በዋናነት የሚለየው በቀዳዳው ስፋት ነው፤ ይኼኛው በኤሌክትሪክ ይታዘዛል። ተመራማሪዎቹም ለደም ማጣሪያ ይሆን እንደሆነ ፈትነውታል። የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ነገ ዎርድ ይገባል አልልም።

የሕክምናና የኬሚስትሪ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አገናኙልን። በእጥበት ወጪ ጥሪታቸው ያለቀ ሰዎችን በየሳምንቱ የምናይ እኛ ጥያቄው አለን፤ ሙያው ደግሞ እናንተ ዘንድ ነው።