የቻፕሊን ታላቅ ወንድም

ስለ ቻርሊ ቻፕሊን ሲወሳ ባርኔጣውና ከዘራው ይነሣሉ፤ በእናት የሚገናኘው የታላቅ ወንድሙ የሲድኒ ስም ግን እምብዛም አይሰማም። እኛ ይህን ዝምታ ፍርድ የጐደለው ሆኖ አግኝተነዋል። በለንደን እናታቸው በአእምሮ ሕመም ስትሠቃይ፥ ሲድኒ በመርከብ እየሠራ ባገኘው ገንዘብ ቤቱን ይደግፍ ነበር። በ1908 (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ታናሹን ወደ ፍሬድ ካርኖ የቀልደኞች ጓድ ያስገባው እርሱ ነው። ቻርሊ ከዚሁ ጓድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ በ1914 በማክ ሴኔት የኪስቶን ስቱዲዮ ሥራ ሲዠምር ደመወዙ በሳምንት 150 ዶላር ነበረ። ሲድኒም ራሱ የተወደደ ተዋናይ ሳለ፥ ትወናውን ለጊዜው አቁሞ የወንድሙን ውል ያዘ። በ1916 ከሚውቹዋል ኩባንያ ጋር ተከራክሮ በሳምንት 10,000፥ ለፊርማውም 150,000 ዶላር አስገኘለት። እናታቸውንም በ1921 ወደ ካሊፎርኒያ አስመጧት።