የኮረምና የራያ የአየር ድብደባ (1928 ዓ.ም.)

የኮረምና የራያ የአየር ድብደባ በሁለተኛው የኢትዮጵያና የጣልያን ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በ1928 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ወራት፣ የጣልያን አየር ኃይል በኮረም ሜዳ፣ በሐሸንጌ ሐይቅ ዙሪያና በማይጨው ግንባር ያካሄደው የቦምብና የመርዝ ጋዝ ጥቃት ነው። ጥቃቱ ሁለት ዓይነት ምስክር ትቶ አልፏል። አንደኛው ከአውሮፕላን ላይ የተቀረጸ ፊልም ሲሆን፣ ሁለተኛው መሬት ላይ የቀረው ብረት፣ ፎቶግራፍና የሐኪሞች ማስታወሻ ነው። ሁለቱ የሚናገሩት አንድ አይደለም።

== ዳራ ==

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ፣ በቆቦና በአላማጣ አልፎ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ ለሰሜኑ ጦር የስንቅና የመድኃኒት መስመር ነበር። የቆቦ ሜዳ ዝቅ ያለ፣ ሰፊና ገላጣ ስለሆነ ከላይ ለሚያይ ሰው የሚሰወር ነገር የለበትም።

አውሮፕላን በጦር ሜዳ ሲታይ ግን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተመራ የመንግሥት አውሮፕላን በመጀመሪያ የውግዘት ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጥሏል። የማይጨው ጦርነት የተካሄደው ከዚያ ልክ በ6 ዓመቱ፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን ነው።

== ድብደባው ==

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመትቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ወደ ኮረም ተሻገሩ፤ ድብደባውም ተከተላቸው።

የካቲት 25 ቀን በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን በኮረም ሜዳ ላይ በሰፈረበት ተደበደበ፤ ከሕሙማኑ መካከል የሞቱ ነበሩ። መጋቢት 8 ቀን ደግሞ በዚያው ሜዳ ላይ የነበረው የቀይ መስቀል ፎከር አውሮፕላን ወደመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዡኖ በስፍራው ነበር፤ የሆነውንም በኋላ በመጽሐፉ ጽፎታል። የቀይ መስቀሉ አብራሪ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ለአየር ኃይሉ ሠርቷል። በ1969 ዓ.ም. የሞተውም ጎዴ ላይ ነው።

ከማይጨው በኋላ መጋቢት 26 ቀን በሐሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የሚያፈገፍገው ጦር ከአየር ቦምብና ጋዝ ዘነበበት። በየመንገዱ ደግሞ ጣልያን ያስታጠቃቸው የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች አደጋ ጣሉበት።

ጋዙ የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ይፕሪት የሚባለው ነው። ዋናው መሣሪያ ሲ 500 ቲ የተባለ ቦምብ ሲሆን፣ በውስጡ 212 ኪሎ ግራም ያህል ፈሳሽ መርዝ ይይዝ ነበር። መሬት ሳይነካ 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየፈነዳ መርዙን እንደ ዝናብ ይረጨዋል። የእንግሊዙ ቡድን ሐኪም ጆን ማክፊ በቆዳቸው መላጥና በዓይናቸው መታወር ምክንያት የመጡ ሕሙማንን ማከሙን በማስታወሻው አስፍሯል። የጣልያን መከላከያ ሚኒስትር ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

== የበረራ ቡድኖቹ በፊልም ==

የካፕሮኒ አውሮፕላኖቹ ሠራተኞች ተራ ወታደሮች ብቻ አልነበሩም። የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ አብራሪዎች ነበሩ። አማቹ ጋሌያትሶ ቻኖም «ላ ዲስፔራታ» የተባለውን 15ኛውን ቦምብ ጣይ ጓድ ይመራ ነበር። ስለዚህ ካሜራው ከእነርሱ አልተለየም። ሉቼ የተባለው የመንግሥት ፊልም ድርጅት አስመራ ላይ ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ለሲኒማ ቤቶች ዜና ፊልም ያቀርብ ነበር። ከዚሁ ጥሬ ፊልም ኮራዶ ደሪኮ እ.ኤ.አ. በ1936 «ኢል ካሚኖ ዴሊ ኤሮይ» (የጀግኖች መንገድ) የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሠራ።

እነዚህ ፊልሞች አውሮፕላኑ ሲነሣ፣ ቦምቡ ሲለቀቅና ከታች ነጭ ጢስ ሲፈነዳ ያሳያሉ። ፊት ያለው ሰው አብራሪው ብቻ ነው፤ የተመታው ሰው በዚያ ከፍታ ነጥብ እንኳ አይሆንም። ጋዝ ደግሞ በሳንሱር ምክንያት ጭራሽ አይነሣም።

ቪቶሪዮ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1937 «ቮሊ ሱሌ አምቤ» (በአምቦች ላይ በረራ) የተባለ መጽሐፍ አሳተመ፤ ድብደባውንም እንደ ስፖርት አድርጎ ተርኮታል። ቀጥሎ ወደ ሲኒማ ገብቶ በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የተባለ ልብ ወለድ ፊልም ተቆጣጠረ። ዳይሬክተሩ ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ፣ መሪ ተዋናዩ አሜዴዮ ናትሳሪ ነበሩ፤ በድርሰቱ የተሳተፈው ሮቤርቶ ሮሴሊኒ በኋላ ዓለም ያወቀው ዳይሬክተር ሆነ። ፊልሙ ኢትዮጵያ ውስጥ የቆሰለ አብራሪ ልጁን ለማዳን መሪውን ጨብጦ ስለሚሞት አባት ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተጋርቷል። እንደ ፊልም ጥሩ የተሠራ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካቹ የሚያለቅሰው ለአውሮፕላኑ ሰዎች ነው።

ከመሬት የተቀረጸው ጥቂት ነው። የሶቪየት ካሜራ ባለሙያዎቹ ዬሹሪንና ጼይትሊን ከኢትዮጵያ ወገን ሆነው «አቢሲኒያ» የተባለውን ፊልም ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ፋሺስት ሌጋሲ» የተባለው የቢቢሲ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ የጋዙን ጉዳይ ለብዙ ተመልካች አድርሷል።

የሉቼ ዜና ፊልሞች ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ውስጥ ናቸው፤ ብዙዎቹ በኢንተርኔት ይታያሉ። መፈለግ የሚሻ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ በዛሬው አጻጻፍ «ኮረም» ብሎ ቢፈልግ ላያገኝ ይችላል። ጣልያኖች ኮረምን «ኩዎራም»፣ ሐሸንጌን «አሺያንጊ» እያሉ በራሳቸው ፊደል ጽፈዋቸዋል፤ የማይጨውንም ጦርነት የሚጠሩት በሐይቁ ስም ነው።

== ቅሪቶች ==

ካፕሮኒ 101 አካሉ ከብረት ቱቦና ከጨርቅ የተሠራ ነው። ሲወድቅ ጨርቁ ይቃጠላል፤ የተረፈው ብረት ደግሞ ለአንጥረኛ ሲሳይ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የመድፍ ቀለህ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን በደወልነት ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው፤ ብረት እዚህ ሀገር በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ሥራ ይሰጠዋል።

በሳይንሳዊ መንገድ የተጠና ቅሪት የሚገኘው ከራያ ውጭ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በ1931 ዓ.ም. ጣልያኖች የተሸሸጉ ሰዎችን በጋዝ በፈጁበት የዘረት ዋሻ፣ ኢትዮጵያዊና ስፔናዊ አርኪዮሎጂስቶች የቀሩትን ዕቃዎች መዝግበዋል።

ወደ ሀገሩ የተመለሰ ሙሉ አውሮፕላን ግን አለ። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበት አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ በረረች፤ ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ነው። ጣልያኖች ከማረኳት በኋላ ከሮም ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖራ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ቦምብ ጣይ አልነበረችም፤ ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን ነበረች።

በራያ ቆቦ ከመሬት የሚወጣ ብረት ሁሉ የ1928 ዓ.ም. አይደለም። በደርግ ዘመንም ሆነ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነት አካባቢው የጦር ሜዳ ሆኗል፤ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብም በእርሻና በግጦሽ መሬት ይገኛል። እንዲህ ያለውን ዕቃ መንካት፣ መፍታትም ሆነ ለቁራጭ ብረት ነጋዴ መሸጥ ለሞት ያደርሳል፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ማስታወቅ ያስፈልጋል። የፈነዳ ስብርባሪ ወይም የአውሮፕላን ክፍል ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእርሻ፣ በግንባታ ወይም በቁፋሮ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ያዛል።