በአክሱም ስለሚሸጠው የጥንት ገንዘብ

ለኅዳር ጽዮን በዓል አክሱም ደርሶ የተመለሰ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። እኛም በ2011 ዓ.ም. ሄደን አይተናል። ስለ ሐውልቶቹ ብዙ ተጽፏልና ባጭሩ እንለፈው። ትልቁ፣ 33 ሜትር የሚሆነው፣ ወድቆ ተሰባብሯል። 24 ሜትር የሚሆነውን ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ወሰደው፤ በ1997 ተመለሰ፤ በ2000 ተተከለ። እኛ ልንጽፍ ያሰብነው ግን የአውራ ጣት ጥፍር ስለምታክል ነገር ነው።

በሐውልቶቹ ዙሪያ መስቀል፣ መሶብና ነጠላ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። ከነሱ መግዛት ደግ ነው፤ ልጅ ያሳድጉበታል። ታዲያ ከመሐል አንድ ልጅ ጠጋ ይልና «አባባ፣ የጥንት ገንዘብ አለ» ብሎ ዝገት የበላት ቁራጭ መዳብ ያወጣል። አንዳንዱ አስመስለው የሠሩት ነው። አንዳንዱ ግን እውነተኛ ነው፤ ክረምቱ አፈሩን ሲያጥበው፣ ገበሬውም ሲያርስ ብቅ ይላል።

የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ማሠራት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው፤ በወርቅና በብር። ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባሠራው ላይ የጨረቃ ምልክት አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ባሠራው ላይ መስቀል ገባ። በኋላ በተሠሩ የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ፣ ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ቃል በግሪክኛ ተጽፏል። እንዲህ የሚል ገንዘብ በሌላ አገር መኖሩን እኛ አልሰማንም።

እንዱቢስን ራሱን የምናውቀው ከገንዘቡ ብቻ ነው። እንደሱ ያሉ ሌሎችም ነገሥታት አሉ። ዕድሜያችንን መዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነንና ነገሩ ይገባናል፤ ደብዳቤ ከፋይሉ ወጥቶ ኪስ ከገባ፣ ማን ለማን እንደጻፈው፣ ምን ተከትሎት እንደመጣ አይታወቅም። ገንዘቡም ከየትኛው መቃብር፣ ከምን ዕቃ ጋር እንደወጣ ካልታወቀ ያው ነው። 24 ሜትር ድንጋይ ሲወሰድ አገር ጮኸ፤ ይቺ በእንግዳ ኪስ ስትሄድ ግን ማን ያያል?

ሕጉ እኮ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። ሆኖም ልጁን ሌባ ማለት አይገባም። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ እንግዳ ጠፍቶ ገበያው ደርቆ ነበር፤ የቸገረው ሰው ያገኘውን ይሸጣል። ገዥ ባይኖር ኖሮ ማንም አይቆፍርም ነበር።

ስለዚህ ለበዓል የምትሄዱ ሁሉ መስቀሉንና መሶቡን ግዙ፤ ገንዘቡን ተዉት። ማየት የፈለገ ሙዚየም ይግባ፤ ከሐውልቶቹ ብዙም አይርቅም። በሄድንበት ጊዜ ገንዘቦቹ በመስታወት ሥር ተቀምጠው ነበር። ልጁን «ና፣ አብረን እንግባና አሳይተን እንጠይቅ» ብንለው፣ ሳቀብንና ወደ ሌላ እንግዳ ሄደ።