ከኮልፌ እስከ ወጨጫ፦ የትንሿ ምድጃ ትረካ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ የዛሬው ጨዋታ ስለ እሳት ነው። የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረ ወጨጫ ከፊቱ ነው፤ 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ። ወገቡን የመናገሻ ሱባ ደን ታጥቋል፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስዘሩት እየተባለ ይነገራል።

ኮልፌ የእግር ጉዞን ከጥንት ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ነበር። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውሃ ይዞ በተቆረጠ ሰዓት ሩቅ ቦታ መድረስ ከትምህርታቸው አንዱ እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተርከውታል። የተራራ መንገድ ሕግ ያኔም ዛሬም ያው ነው፤ የማይጠቅምህን አትሸከም።

አሁን ለጨዋታችን ሦስት የአየር ጤና ሰፈር ልጆች እናስነሳ፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት ጎረቤታቸው። ቅዳሜ ወጨጫ ወጥተው በድንኳን ሊያድሩ፣ እሑድ ሊመለሱ ተማከሩ። ድንኳኑን ተውሰዋል፤ ምድጃ ግን የላቸውም።

«እንጨት እዚያው እንለቅማለን» አለ ታላቅየው።

«በዚህ በጋ? በዚህ ነፋስ?» አለች ልጅቷ። «ስንት ዘመን የኖረ ጽድ በእኛ ሻይ ፍንጣሪ ይቃጠል?»

እውነቷን ነው። ክርክሩ እዚያው አበቃና በሰፈሩ ወደሚኖሩ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ሄዱ። መንገድ ዳር አብስሎ መብላት ለእሳቸው የዕድሜ ልክ ልማድ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ምድጃ እንግዛ?»

«ልጆቼ፣ ምድጃው ይቆየንና ስንቃችሁን ንገሩኝ።»

«ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ሻይ፣ ቡና።»

«ምስሩን እቤት ተዉት። እዚያ ላይ ውሃው ይፈላላችኋል፤ ምስሩ ግን ሳይበስል ጋዛችሁን ሊጨርስ ይችላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የሚፈላው ውሃ ሙቀት ይቀንሳል፤ ጥራጥሬም ለመብሰል ረጅም ሰዓት ይፈጃል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን እሳት አይጠይቁም። አያቶቻችን ረጅም መንገድ የሄዱት በእነሱ ነው። ስንቁ እንዲህ ከተያዘ ለምድጃዋ የሚቀራት ሽሮ፣ ሻይና ቡና ነው፤ ለዚህ ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ይበቃል።

ከዚያ መርካቶ ወረዱ። መጀመሪያ ያዩት አናቱ ላይ ምድጃ የሚገጠምለትን ትንሹን ሲሊንደር ነው። ባለቀ ጊዜ ይሞላል፤ ለቤትም ያገለግላል። ግን ብረት ነው፤ መኪና ላለው እንጂ በጀርባ ተራራ ለሚወጣ አይሆንም።

ሁለተኛዋ ጠፍጣፋ ናት፤ በጎኗ 220 ግራም ገደማ ቡቴን የያዘ ረጅም ቆርቆሮ ትጎርሳለች። ከመሬት ዝቅ ያለች ስለሆነች ድስት አይገለበጥባትም። ሙሉ እሳት ላይ አንዱ ቆርቆሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል፤ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ15 ግራም ብዙም አይፈጅም። ጠላቷ ብርድ ነው። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ስለዚህ በውርጭ ንጋት እሳቷ ይሞታል።

ሦስተኛዋ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ቆርቆሮዋ አናት ላይ የምትጠመዘዝ ናት። ቆርቆሮዋ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ስለሆነ ብርድ ትችላለች። ታናሽየው ወደዳትና «ውጭ አገር ያለችው አክስቴ ትልክልኛለች» አለ። ምድጃዋን መላክ ይቻላል፤ የጋዙን ቆርቆሮ ግን አየር መንገዶች በእጅም በሻንጣም አይቀበሉም። እዚህ ቆርቆሮዋ ካልተገኘ ምድጃዋ የመደርደሪያ ጌጥ ሆና ትቀራለች።

አራተኛው በፓምፕ የሚሠራው የነጭ ጋዝ ምድጃ ነው። ስዊድናዊው ሊንድክቪስት በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሠራው የፕሪሙስ ምድጃ ዝርያ ነው። ይሸታል፣ ማሞቅና መንፋት ይፈልጋል፤ ብርድ ግን አይበግረውም። ሰሜን ተራሮች ወይም 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው የባሌው ሳነቴ ለሚያድር ሰው እሱን እመክራለሁ።

የእኛ ልጆች ለአንድ ሌሊት ነውና ጠፍጣፋዋን መረጡ። ልጅቷ ግን ገንዘቡን ከማውጣቷ በፊት ባለሱቁን ጠየቀችው፤ «ወንድሜ፣ ቆርቆሮው በሚቀጥለው ወርም ይኖራል?» የርካሽና የውድ መለኪያው ይሄ ጥያቄ ነው። በረከሰ ዋጋ ተገዝታ ጋዟ የጠፋ ምድጃ ገንዘብ ማባከን ናት። ከዚያ እዚያው አስለኮሰችው፤ መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ አስፈተሸች፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። የላስቲክ ቀለበቱ አለመሰንጠቁንም አየች።

ሲመለሱ ጋሼ በር ላይ ጠብቀው ሦስት ነገር አስጠነቀቋቸው። አንደኛ፣ ሰፊ ምጣድ እንዳትጥዱባት፤ ሙቀቱ ወደ ቆርቆሮው ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሌሊት ቆርቆሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አጠገባችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት እሳት ይሰጣችኋል። በእሳት ግን በፍጹም አታሙቁት። ሦስተኛ፣ ድንኳን ውስጥ አትለኩሱ። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጢስ ስንቱን እንደጨረሰ እናውቃለን፤ የጋዝ ምድጃም ታፍኖ ሲነድ ያው ሽታ የሌለው መርዝ ይወጣዋል።

እናንተም ለጉዞ ስትነሡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንቄ ምን ያህል እሳት ይፈልጋል? የማድርበት ቦታ ምን ያህል ይበርዳል? ጋዙ ሲያልቅ ከየት አገኛለሁ? ሦስቱን ከመለሳችሁ የትኛዋ ምድጃ እንደምትሆናችሁ ሻጩ ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። ባዶውን ቆርቆሮ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ደኑን እንዳገኛችሁት ተዉት። መንገዱን ያቅናላችሁ!