ገዱ አንዳርጋቸው፦ ከባሕር ዳር ወደ አራት ኪሎ መሄድ ዕድገት ነው?

ሰው ሲሾም "ሹመት ያዳብር" እንላለን። የክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበረ ሰው ሚኒስትር ሲሆንም ያው ነው፣ ፌስቡኩ በ"እንኳን ደስ አለዎት" ይሞላል። ግን ከክልል ወደ ፌደራል መሄድ ሁልጊዜ ወደ ላይ መውጣት ነው ወይ? የአቶ ገዱ አንዳርጋቸውን ጉዞ እንይና እናንተው ፍረዱ።

መጀመሪያ ሁለቱ ወንበሮች በምን እንደሚለያዩ እንያዝ። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ከተሾመ በኋላ በጀት አለው፣ ፖሊስ አለው፣ እስከ ወረዳና ቀበሌ የሚወርድ መዋቅር አለው። መካነ ሰላም ያለ መምህር ደመወዙን የሚያገኘው በዚህ መስመር ነው። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚገባው ዋና መንገድ ግን የፌደራሉ ሥራ ነው። ሚኒስትር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦት ፓርላማው የሚያጸድቀው ሰው ነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ የሚያዝዘው ቀበሌ ግን የለውም።

አቶ ገዱ የአማራ ክልልን የተረከቡት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከአቶ አያሌው ጎበዜ ነው። አቶ አያሌው አምባሳደር ሆነው ወደ ቱርክ ሄዱ። (እኛ አገር አምባሳደርነት የዲፕሎማሲ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።)

ስማቸው ከክልሉ አልፎ የወጣው በ2008 ክረምት ነው። ሐምሌ 24 ጎንደር፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ባሕር ዳር በሰልፍ ተጥለቀለቁ። ባሕር ዳር ላይ በርካታ ሰው ተገደለ። በዚያ ሰዓት ርዕሰ መስተዳድሩ ሁለት ቦታ ነበር የቆሙት፤ ከታች የተቆጣ ሕዝብ፣ ከላይ ሕወሓት ጎልቶ የሚታይበት ኢሕአዴግ። ተቺዎቻቸው "ሕዝቡ ሲሞት ወንበሩ ላይ ነበሩ" ይላሉ፣ እውነት ነው። ደጋፊዎቻቸው "ጥያቄው ትክክል ነው ብለው ለግንባሩ የተናገሩት እሳቸው ናቸው" ይላሉ። ለኔ ሁለቱም አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ2010 መግቢያ የኦሮሚያ ወጣቶች ጣናን የወረረውን እምቦጭ ለመንቀል "ጣና ኬኛ" እያሉ ባሕር ዳር ገቡ። በዚያው ጥቅምት መጨረሻ የኦሮሚያው ርዕሰ መስተዳድር አቶ ለማ መገርሳ ልዑካን አስከትለው መጡ፣ ተቀባዩ አቶ ገዱ ነበሩ። "ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው" የሚለው የለማ ንግግር የተሰማው እዚያ ነው። ልብ በሉ፣ ይህን ያደረጉት ሁለት የክልል መሪዎች ናቸው፣ ሚኒስትሮች አይደሉም። ከወራት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶ/ር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሁለቱ ክልል ፓርቲዎች መግባባት ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ከዚያ በኋላስ? አቶ ገዱ የካቲት 29 ቀን 2011 ከርዕሰ መስተዳድርነት ለቀቁ፣ ዶ/ር አምባቸው መኮንን ተተኩ። ሚያዝያ 10 ቀን ፓርላማው ገዱን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ለማን መከላከያ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ። በአንድ ቀን! የባሕር ዳሩን መድረክ የመሩት ሁለቱም ሰዎች ከክልላቸው ተነስተው አዲስ አበባ ገቡ። ዕድገት ነው ያለ ብዙ ነበር። ከመሠረታቸው ማራቅ ነው ያለም ነበር።

ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ ጭራሽ እንግዳ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ የሸዋውን ወራሽ ምኒልክን ወስደው ያቆዩት እዚሁ መቅደላ ላይ ነው። ልጃቸውንም ድረውለታል፣ በክብር ነው የያዙት፤ ግን ሸዋ አልነበረም፣ ጉዳዩም እሱ ነው። በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ሸዋ ሲገባ ነው ንጉሥ የሆነው። ሚኒስትርነትና እስር አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። አንድ ሰው ጉልበቱ ያለው የት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ያኔም ነበር ለማለት ነው።

ሌላ አገር ከክልል ተነስቶ ላይ የደረሰ ሞልቷል። የሕንዱ ናሬንድራ ሞዲ ጉጃራትን ከ12 ዓመት በላይ መርቶ ነው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፤ ግን ፓርቲውን ይዞ አገራዊ ምርጫ አሸንፎ ነው። የኛው በሹመት ነው፣ በሹመት የመጣ በሹመት ይሄዳል።

በውጭ ጉዳይ ዘመናቸው ትልቁ ሥራ የሕዳሴ ግድብ ነበር። ከጥቅምት 2012 ጀምሮ በዋሽንግተን ከግብፅና ሱዳን ጋር በተደረገው ድርድር ተሳተፉ፣ የካቲት ላይ ኢትዮጵያ ከመጨረሻው ስብሰባ ቀረች። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ሙሌት ሲጠናቀቅ "ወንዙ ሐይቅ ሆነ" የሚል መልእክት ትዊተር ላይ ጻፉ፣ ካይሮ ተንጫጫች። ጥቅምት 29 ቀን 2013፣ የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ ሰሞን፣ ቦታውን ለአቶ ደመቀ መኮንን አስረክበው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ተባሉ። አማካሪ ይመክራል፣ አይወስንም።

ትተውት የሄዱት ወንበር ምን ሆነ? ዶ/ር አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ቢሯቸው ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። አቶ ተመስገን ጥሩነህ ከአዲስ አበባ ተልከው ተተኩ፣ ከዓመት ከምናምን በኋላ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተመለሱ። አቶ አገኘሁ ተሻገር ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። ዶ/ር ይልቃል ከፋለ ቀጠሉ። ከሽግግሩ ዘመን እስከ 2011 ድረስ ክልሉን የመሩት አዲሱ ለገሰ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜና ገዱ፣ አራት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በአራት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ አምስተኛው ሰው ገባ። ወረዳ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ አለቃው ሲቀየር ካቢኔው ይቀየራል፣ ፋይሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

አቶ ገዱ ድምፃቸው እንደገና የተሰማው የፓርላማ አባል ሆነው ነው። በ2015 የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ከተባለ በኋላ አማራ ክልል ውስጥ ግጭቱ ሰፋ። ዶ/ር ይልቃል የፌደራሉን እርዳታ ጠየቁ፣ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሞባይል ዳታም ለወራት ጠፋ (ይህን ለናንተ መንገር አያስፈልግም)። ነሐሴ 8 ፓርላማው አዋጁን ለማጽደቅ ሲሰበሰብ አቶ ገዱ የገዢው ፓርቲ አባል ሆነው ሳለ ተነስተው ተቃወሙ፤ ችግሩ ፖለቲካዊ ነው፣ መፍትሔውም በኃይል ሳይሆን በንግግር ነው አሉ። ቪዲዮው ዳታ ያለው ሁሉ ያየው ነው።

አዋጁ በ16 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ከ11 ቀን በኋላ ዶ/ር ይልቃል ወንበሩን ለአቶ አረጋ ከበደ ለቀቁ።